ጥርሱ ነው ወይስ ጠባዩ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ጠያቂዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ እናት ሲሆኑ፣ 16 ወር የሞላው ወንድ ልጃቸው የመንጋጋ ጥርስ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ቤታቸው ሰላም እንዳጣ ጽፈዋል። ልጁ የፈለገውን ሲከለከል መሬት ላይ ይወድቃል፣ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጫል፣ ጡት ሲጠባ ይነክሳል፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየነቃ ያለቅሳል፤ ይወደው የነበረውን ገንፎም በእጁ ይገፋል። አንድ ቀን በለቅሶ መሐል ትንፋሹ ቆሞ ከንፈሩ እስኪጠቁር ደርሶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለሁለት ቀን ትኩሳትና ተቅማጥ ይዞት የነበረ ሲሆን «ጥርስ ነው» ተብሎ ታልፏል። ከደሴ መጥተው ልጁን የሚይዙት አማታቸው «ግግ ነውና ይውጣለት» ይላሉ፤ ድዱ ላይ ያበጠው የበሽታ ሥር ነውና ተፈንቅሎ ይነቀል ማለታቸው ነው፤ ጎረቤት ድድ የሚያደነዝዝ ቅባት ሰጥታለች፤ እናትየዋ ደግሞ ለቅሶው ሲበረታ ስልክ እየሰጡ ማስታገስ ጀምረዋል። ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ ጥርሱ ነው ወይስ ጠባዩ እየተበላሸ ነው? ልቆጣው ወይስ ልተወው?

እህቴ፣ አብሽሩ። የልጅዎ ጠባይ አልተበላሸም፤ የሚያደርገው ሁሉ በዚህ ዕድሜ የሚታይ ነው። ነገር ግን ከዘረዘሩልኝ ነገሮች ውስጥ ጥርሱ የሚጠየቅበት ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሕፃናትን ስመረምር ደጋግሜ የማየው ችግር ይኸው በመሆኑ ነው፤ ለጥርስ የሚሰጠው ድርሻ ሲበዛ እውነተኛው ምክንያት ሳይታይ ይቀራል። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ ሳይታከም ይቆያል፤ ልማድ ከሆነም «ጥርሱ ሲወጣ ይተወዋል» እየተባለ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ የጥርሱን ለጥርሱ ሰጥተን፣ የቀረውን ወደየምክንያቱ እንመልስ።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ወር ብቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ከ13ኛው እስከ 19ኛው ወር፣ ክራንቻዎቹ ከ16ኛው እስከ 23ኛው ወር፣ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ደግሞ ከ23ኛው እስከ 33ኛው ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ። እንግዲህ ልጅዎ በ16 ወሩ መንጋጋ ማውጣቱ በጊዜው ነው። መንጋጋ ፊቱ ሰፊ በመሆኑ ድዱን ከፊት ጥርስ ይበልጥ ቢያስጨንቀው አይገርምም። ሕመሙ ግን አይረዝምም፤ ለእያንዳንዱ ጥርስ ጫፉ ከመታየቱ አራት ቀን ያህል አስቀድሞ ይጀምርና ከታየ ከሦስት ቀን ያህል በኋላ ያበቃል። በእነዚህ ቀናት ልሃጩ ይበዛል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ ድዱንና ጉንጩን ያሻል፣ ጠጠር ያለ ምግብ ይጠላል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ የሰውነቱ ሙቀትም በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል። የጥርሱ ድርሻ ከዚህ አያልፍም።

እርግጥ ነው አራቱ መንጋጋዎች ተከታትለው ሊመጡ ስለሚችሉ ሕመሙ ሄዶ ሊመለስ ይችላል። ሆኖም በመሐሉ ልጁ ደኅና ሆኖ የሚውልባቸው ቀናት ሊኖሩ ይገባል። እባክዎ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት መለስ ብለው ያስቡ፦ ልሃጩ የቀነሰበት፣ እጁን ወደ አፉ የማይከትበት ቀን አልነበረም? በዚያ ቀንስ የእልህ ለቅሶው ቀንሶ ነበር? ሕመሙ በሌለበት ቀን ለቅሶው እንደነበረ ከቀጠለ፣ ምክንያቱን ከድዱ ውጭ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህችን ጥያቄ አማትዎ ይመልሱልዎት፤ ቀኑን ከልጁ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸውና።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ቀን የቆየው ትኩሳትና ተቅማጥ በጥርስ መመካኘት አልነበረበትም። ጥርስ 38 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት አያመጣም፤ ተቅማጥም አያመጣም። ሁለቱ ከጥርስ ጋር የሚገጣጠሙት በሌላ ምክንያት ነው። ልጅ ከ6ኛው ወር በኋላ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዚያው ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ከመሬት ያነሳውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጥርሱ ሲያሳክከው ደግሞ የሚከተው ነገር ይበዛል። በዚህ ላይ ከ6ኛው እስከ 33ኛው ወር ድረስ አንዱ ጥርስ ሲወጣ ሌላው ስለሚከተል፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሚመጣ ማንኛውም በሽታ ከአንዱ ጥርስ ጋር መገጣጠሙ አይቀርም።

እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ወባም አለባት፤ በተለይ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ትበረታለች። በደሴ ብርድ የኖሩት አማትዎ የልጁን ትኩሳት ከወባ ጋር አለማያያዛቸው የሚጠበቅ ነው። ከእንግዲህ ልጁ ሲያተኩሰው በመዳፍ ከመገመት ይልቅ በቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ይለኩት፤ ትኩሳት ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስደው ከጣቱ በምትወሰድ ጠብታ ደም ይመርመር። በዚያው ጆሮውና ደረቱ እንዲታይ ይጠይቁ። የጆሮ ሕመም ከጥርስ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሁለቱም ልጁን ጆሮውን እንዲጎትት ያደርጉታል፤ ነገር ግን የጆሮው ሕመም ልጁ ሲጋደም ይብስበታል፣ ብዙ ጊዜም ከጉንፋንና ከትኩሳት ጋር ይመጣል፣ ፈሳሽም ሊኖረው ይችላል። ሳል ካለው ተረጋግቶ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ፤ በልጅዎ ዕድሜ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳይባል ይወሰድ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ንጋትን አይጠብቁ።

ተቅማጡ ከተመለሰ አንዱን ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት፤ የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉት። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል፣ በእሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ 10 ቀን ሙሉ ይጨርሱለት። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥ። ደም የቀላቀለ ከሆነ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ በቤት አይቆይ።

የግግን ነገር በተመለከተ አማትዎን በአክብሮት ነገር ግን ሳይለሳለሱ ሊነግሯቸው ይገባል። አብጦና ነጣ ብሎ የሚታየው ነገር የበሽታ ሥር ወይም ትል አይደለም፤ በድዱ ሥር ሆኖ ለመውጣት የተዘጋጀው ጥርስ ራሱ ነው። ድዱን በስለት ወይም በሚስማር መፈንቀል ልጁን ያደማል፤ ለመመረዝ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል፤ ከወተት ጥርሱ ሥር እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ስለሚችል ጉዳቱ ልጁ ካደገ በኋላ ይታያል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ መንቀልንና እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሯቸዋል። አማትዎ ይህን የሚሉት ለልጁ ክፉ አስበው አይደለም፤ እሳቸው ልጆች ባሳደጉበት ዘመን ተቅማጥና ትኩሳት ሕፃናትን ይቀጥፉ ነበር፤ ሰውም የሚያድን መስሎት በእጁ ያለውን ያደርግ ነበር። ስለዚህ «ያረጀ አስተሳሰብ ነው» ብሎ ከማሳፈር ይልቅ፣ አንድ ቀን ከልጁ ጋር አብረዋቸው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ድዱን ባለሙያው እያሳየ ያስረዳቸው። ከምራት አፍ የማይሰማ ምክር ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው ሲመጣ ይሰማል፤ ቤት ውስጥም ቅያሜ አይተርፍም።

ጎረቤትዎ የሰጡትን ማደንዘዣ ቅባት ይመልሱላቸው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ቅባቶች ቤንዞኬይን የተባለ መድኃኒት አለባቸው፤ ይህ መድኃኒት በሕፃናት ላይ አልፎ አልፎ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙን እንዲያጣ ያደርጋል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 እ.ኤ.አ. ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጥርስ ሕመም እንዳይውል አስጠንቅቋል። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ያለበትም ቢዋጥ ለልብና ለአንጎል አደገኛ ነው። ጥቅሙ ቢታሰብ እንኳ ልሃጩ በደቂቃዎች ያጥበዋል። ድዱን በአረቄ ማሸትም ሆነ ልጁ እንዲተኛ ተብሎ የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት እንዲሁ ክልክል ነው፤ በተለይ ፕሮሜታዚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ያለን ልጅ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል።

በእነዚህ ፈንታ የሚያስታግሱት ነገሮች ቀላል ናቸው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በጣትዎ ድዱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን እያደረጉ ይሹለት። ንጹሕ ጨርቅ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ነክረው፣ ማቀዝቀዣ ካለ ጥቂት አቆይተው ያስነክሱት፤ ከሌለም በኮምቦልቻ ሙቀት እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ በቂ ነው። እስኪጠጥር የቀዘቀዘ ነገር ግን ድዱን ይጎዳዋል። አንገቱ ላይ የሚታሰር ክር ወይም ጨሌ ሊያንቀው ይችላል፤ ጥሬ ካሮት፣ ቆሎና ለውዝም ወደ አየር ቧንቧው ሊገቡ ስለሚችሉ አይሰጡት። ልሃጩ አገጩንና አንገቱን እንዳያቆስለው በለስላሳ ጨርቅ እየጠረጉ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት።

ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሳው ሌሊት ከሆነ ፓራሲታሞል ይጠቅማል። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ለአንድ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል ማለት ነው። በጠብታ መልክ የሚሸጠው ግን በውስጡ ያለው መድኃኒት ከሽሮፑ በጣም የበዛ ስለሆነ አንዱን በሌላው መጠን መስጠት አደጋ አለው፤ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ የልጁን ክብደት ተናግረው ባለሙያው መጠኑን በሲሪንጅ ላይ ምልክት እንዲያደርግልዎት ይጠይቁ። በሁለት መጠኖች መካከል 6 ሰዓት ይቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥ። አማትዎ ቀን ሰጥተውት እርስዎ ማታ ሳያውቁ እንዳይደግሙት፣ የሰጠው ሰው ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ያስፍር። በተከታታይ ከሁለት ሦስት ሌሊት በላይ ካስፈለገው ሕመሙ ጥርስ መሆኑን መጠራጠር ይገባል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

የጥርሱ ጉዳይ በዚህ ካበቃ፣ ሦስት ሳምንት የቆየው ምንድን ነው? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት በአንድ ወር ውስጥ በልጁ ዙሪያ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል። እርስዎ ወደ ፈረቃ ሥራ ገብተዋል፤ ፈረቃውም በየሳምንቱ ይቀያየራል። የሚይዙት አያት አዲስ ናቸው፤ ይወዱታል እንጂ ልማዱን ገና አያውቁትም። ሕመሙ በጀመረባቸው ቀናት ደግሞ ባለቀሰ ቁጥር ይታዘላል፣ ይጠባል፣ ስልክ ይሰጠዋል፤ ይህ ለታመመ ልጅ የተገባ ቢሆንም ሕመሙ ካለፈም በኋላ አልቆመም። እነዚህ ሁሉ የመጡት ልጁ ከእናቱ መለየትን አጥብቆ በሚፈራበት፣ የሚፈልገውን ለይቶ በሚያውቅበት ነገር ግን ለመናገር ቃል በሌለው ዕድሜ ነው። የ16 ወር ልጅ ጥቂት ቃላት ብቻ አሉት፤ ንዴቱን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና አልጎለመሰም። እንግዲህ መሬት ላይ ሲወድቅ ሊያስቸግርዎት አቅዶ አይደለም፤ ስሜቱ ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። አስቦ ያላደረገውን ነገር በቁጣ ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ «ልቆጣው?» ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። ዱላማ ጭራሹን አይታሰብ፤ ፍርሃትን ይጨምርበታል፣ ሲናደዱ መማታት እንደሚገባም ያስተምረዋል።

ሆኖም አለመቆጣት የጠየቀውን መስጠት አይደለም። ቢላዋ ፈልጎ ከተከለከለና ካለቀሰ፣ ቢላዋው አይሰጠውም፤ እርስዎም አይርቁትም። አጠገቡ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጭንቅላቱን የሚያጋጭ ከሆነ ምንጣፍ ወይም ጋቢ ከሥሩ ያንጥፉ፣ ሹል ነገር ያርቁ። ራስን ማጋጨት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ልጁ ራሱን እምብዛም አይጎዳም፤ ሰው ሁሉ ሲደነግጥለት ግን ይደጋግመዋል። በዚያች ሰዓት ብዙ ንግግር አይጠቅምም። «ተናደድክ፤ እዚሁ አለሁ» የምትል አጭር ቃል ትበቃለች። አብዛኛው የእልህ ለቅሶ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል፤ ሲያልፍ ይቀፉትና ስለሆነው ነገር ሳይመክሩ ወደ ሌላ ጨዋታ ይውሰዱት። አንዳንዴ አብዝቶ ማልቀሱ ከእርስዎ ድካም ጋር ይገጣጠምና ትዕግሥት ያልቃል፤ ያኔ ልጁን አደጋ የሌለበት ቦታ አስቀምጠው ለአንድ ደቂቃ በር ላይ ቆሞ መተንፈስ ነውር የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እርስዎ፣ ባለቤትዎና አማትዎ አንድ ዓይነት መልስ መስጠታችሁ ነው። አንዱ የከለከለውን ሌላው የሚሰጥ ከሆነ ልጁ የሚማረው ለቅሶ ሲረዝም እንደሚያዋጣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሳካ ለቅሶ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚሳካው ይበልጥ ይጸናል። ስለዚህ የሚከለከሉትን ነገሮች ያሳንሷቸው፤ እሳት፣ ስለት፣ መንገድ፣ ሰው መምታትና መንከስ ይብቁ፤ በእነዚህ ላይ ግን ሦስታችሁም አትነቃነቁ። በቀረው ነገር ሁሉ ልጁ ይምረጥ፦ ቀዩን ልብስ ወይስ ሰማያዊውን፣ በማንኪያ ወይስ በእጁ።

ቡናን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይቆጨኝም አልልም። በወሎ ቤት ቡና በችኮላ አይጠጣም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ጎረቤት ይጫወታል፤ ልጅ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰዎች ዓይን ይወጣል። ብዙ የእልህ ለቅሶ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ረከቦቱና ፍሙም አጠገቡ ስላሉ በቃጠሎ የሚመጡ ልጆችን እናያለን። አማትዎ ቡና ሲያፈሉ ልጁ ታዝሎ ይሁን፣ ወይም ከጎረቤት አንዷ ከእሱ ጋር ብቻ ትሁን፤ ቡናው ከመጀመሩ በፊትም ይብላ። ልጁ ቡናና ሻይ አይቅመስ፤ እንቅልፉን ይነሣዋል፣ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረትም ሰውነቱ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ስለ ፈረቃዎ ሳስብ፣ በየሳምንቱ በሚቀያየር ሥራ ላይ ላለች እናት «ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት» የሚል ምክር መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ለልጁ ከሰዓቱ ይልቅ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ይበልጣል። ከእንቅልፉ ሲነሣ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ደጅ ወጥቶ መጫወት፣ ከዚያ የቀን እንቅልፍ፤ ማታም እራት፣ መታጠብ፣ ጥርስ ማጽዳት፣ እሹሩሩ፣ መኝታ። ይህን ሰልፍ እርስዎ ባሉበትም በሌሉበትም ሳምንት አማትዎ ይጠብቁት። ሰዓት የማይመለከቱ ከሆነ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እራቱ ይቅረብ ብሎ መስማማት ይቻላል፤ በአገራችን ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ከወር ወር ብዙ ስለማይለያይ አዛኑ አስተማማኝ ምልክት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ወር ብዙ ልጆች የቀን እንቅልፋቸውን ከሁለት ወደ አንድ ስለሚያወርዱ ወደ ማምሻው የሚበረታው መነጫነጭ ከዚህም ሊሆን ይችላል፤ ልጅዎ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት አልፎ የሚተኛ ከሆነ ያን አስቀርተው የማታ መኝታውን ያስቀድሙለት።

ለሥራ ሲወጡ ተደብቀው አይውጡ። ለቅሶውን ላለማየት ብለው እንደሚያደርጉት ይገባኛል፤ ነገር ግን እናቱ ሳያያት የጠፋችበት ልጅ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከእርስዎ ላይ መንቀል ይፈራል፣ ሌሊትም እየነቃ መኖርዎን ያረጋግጣል። ስመውት፣ «ሥራ ሄጄ እመጣለሁ» ብለው፣ ለአያቱ ሰጥተውት ይውጡ። ያለቅሳል፤ ብዙ ሳይቆይ ያቆማል። በማታ ፈረቃ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሲመለሱ ደግሞ ናፍቆትዎ ቢበረታም መብራት አብርተው አያጫውቱት፤ በጨለማ አጥብተው ያስተኙት። ጨዋታውን ለጠዋት ያቆዩለት፤ ከመተኛትዎ በፊት ወይም ከነቁ በኋላ ለእሱ ብቻ የሚሆን፣ ስልክም ሥራም የሌለበት ግማሽ ሰዓት ካገኘ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚያገኘው የተከፋፈለ ትኩረት ይልቅ ይጠግባል።

ሌሊት ሲነቃ በመጀመሪያ ይታመም እንደሆነ ይዩት፤ ትኩሳት፣ ያበጠ ድድ፣ የረጠበ ልብስ። ሕመም ከሌለ በደብዛዛ ብርሃን፣ በዝቅተኛ ድምፅ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ እዚያው ያባብሉት፤ አንሥቶ ቤት ውስጥ መዞር፣ ስልክ መክፈት፣ መመገብ ይቅር። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለቅሶው ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ያኔ ተሸንፈው ወደ ቀድሞው ከተመለሱ የሚቀጥለው ሙከራ ይከብዳል። ስለዚህ በሌሊት ፈረቃ ሳምንት አይጀምሩት፤ ባለቤትዎም ተራ የሚገቡበትን፣ እርስዎ ቤት የሚያድሩበትን ሳምንት ይምረጡ። ስልኩን ግን ዛሬውኑ ያቁሙት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን መመልከትን አይመክርም፤ ከዚያ ይልቅ በዚህ ቤት ያለው ጉዳት፣ ስልኩ የሚመጣው ለቅሶው ሲበረታ መሆኑ ነው።

ጡት ሲነክስዎት አይጩኹ፤ ጩኸቱ አንዱን ልጅ ያስደነግጣል፣ ሌላውን ያስቃል። ልጅ አጥብቆ በሚጠባበት ጊዜ ምላሱ የታችኛውን ጥርስ ስለሚሸፍን መንከስ አይችልም፤ የሚነክሰው ጠግቦ መጫወት ሲጀምር ነው። ስለዚህ መምጠጡ ሲቀዘቅዝ ትንሿን ጣትዎን በአፉ ጥግ አስገብተው ያላቁት። ከነከሰ «አይነከስም» ብለው ጡቱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍኑ። ከማጥባትዎ በፊት በቀዝቃዛው ጨርቅ ድዱን ካሹለት የመንከሱ ፍላጎት ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ጡት ማስጣል አያስፈልግም፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። ምግብ ሲገፋም አያስገድዱት፤ በሕመሙ ቀናት ገንፎው ቀዝቀዝ ብሎ ቀጠን ይበል፣ እርጎ፣ የተፈጨ አቮካዶና ሙዝ፣ ቃሪያና በርበሬ የሌለው ምስር ይቅረብለት፤ ሕመሙ ሲያልፍ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል። ሳይመለስ ሳምንት ካለፈው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ መመርመር አለበት። ስኳር ያለበት ጡጦ አፉ ውስጥ አድርጎ መተኛት ግን አዲሶቹን ጥርሶች ስለሚያበሰብስ ይቅር፤ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ።

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ከንፈሩ የጠቆረበትን ቀን ነው፤ እርስዎን ያስፈራዎት እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ አይቻለሁ። ልጁ እያለቀሰ አየሩን ካስወጣ በኋላ መልሶ ሳይስብ መቆየቱ፣ ከንፈሩ መጥቆሩ፣ አልፎ አልፎም ለጥቂት ሴኮንድ ራሱን መሳቱ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ፣ ልጁ ሆን ብሎ የማያደርገውና ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በራሱ የሚያልፍ ነገር ነው። ሲደርስ በጎኑ ያስተኙት፤ አይነቅንቁት፣ ውሃ አይርጩበት፣ አፉ ውስጥ ጣት አይክተቱ። ይህ እንዳይደርስ ብለው የከለከሉትን ነገር አይስጡት። ከሚጥል በሽታ የሚለየው ሁልጊዜ ከለቅሶ፣ ከድንጋጤ ወይም ከሕመም ቀጥሎ መምጣቱ ነው፤ ያለ ለቅሶ ከመጣ፣ ከአንድ ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ከነቃ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከፈዘዘ ወዲያውኑ ይታይ። ብዙ ጊዜ ከብረት ማነስ ጋር የተያያዘ ሲሆን ብረት ሲሰጠው የሚቀንስለት ልጅ አለ። ምግብ መግፋቱንና መነጫነጩን ከዚህ ጋር አያይዤ ስመለከተው የደም ማነስ ምርመራ እንዲደረግለት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በሚያርፉበት ቀን፣ ትኩሳት ባይኖረውም፣ ከአማትዎ ጋር ሆነው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የደሙ መጠን ይለካ፣ ጆሮው ይታይ፣ ክብደቱ ይመዘን። የክትባት ካርዱንም ይያዙ፤ በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በጥርሱ ግርግር ተዘልሎ ከሆነ በዚያው ቀን ይሰጠዋል፤ በየ6 ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤም ይጠይቁ። ሐኪሙ ልጁ ብቻውን ይራመድ እንደሆነ፣ ስሙን ሲጠሩት ይዞር እንደሆነ፣ ስንት ቃላት እንዳሉት ይጠይቅዎታል፤ አንድም ቃል ከሌለው ወይም ያውቀው የነበረውን ካጣ ይህን ሳይጠየቁም ይናገሩ፤ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል።